ሳትነግሩኝ አትንኩኝ

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ቀን ቢሮው በሙሉ ተነሥቶ ሳማት። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ እንደገና ጉንጭ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ በአንድ እጄ የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው የወረቀት ክምር ይዤ ነበር። አስቤበት ነው የያዝኩት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብዬ ከወገቤ ዝቅ አልኩላት። ሳቅ ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ከሰዓት በኋላ ግን ደረጃው ላይ ለሌላ ሰው ስታወራ ጆሮዬ ገባ፤ «እሷ እኮ ሰው ትጠየፋለች።»

ነገሩ አልለቅ አለኝ። ኩራተኛ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ለምጄዋለሁ። ሰው መጠየፍ ግን የእኔ አይደለም። የሰው ላብ፣ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ ምንም አይመስለኝም፤ ከማንም ጋር ከአንድ ትሪ እበላለሁ። የምፈራው መነካትን ነው። እጅ ወደ እኔ ሲመጣ ደረቴ ይጠባል፣ ጆሮዬ ይግላል፣ መዳፌን ላብ ያጠምቀዋል። ከተነካሁ በኋላ ደግሞ የተነካው ቦታ ለብቻው ይቀራል። ሰውየው ሄዷል፣ ስብሰባው አልቋል፣ እኔ ቤቴ ገብቻለሁ፤ ትከሻዬ ላይ ግን ያ እጅ እዚያው አለ።

ባለሙያዎች ሃፌፎቢያ ይሉታል። ከፍታን ወይም ውሻን ከመፍራት ጋር በአንድ ምድብ የሚቀመጥ ነው፤ ፍርሃቱ 6 ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ኑሮንም ሲያውክ ሕመም ይባላል። የእኔ ወሩ ድሮ አልፏል። በእኛ ከተማ ውሻ ለሚፈራ ሰው ይታዘንለታል፤ «እሰሩለት እንጂ!» ይባላል። እኔን የሚያስፈራኝ የሰዉ ፍቅር ነው። እሱን ማን ይሰርልኛል?

ጋቢና

ቤቴ አራት ኪሎ ነው፣ ሥራዬ ሜክሲኮ። ሚኒባስ ታክሲ ምን እንደሚመስል መንገር አይጠበቅብኝም። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል ሌላው ሰው ስለ ምቾቱ ያስባል፤ እኔ የማስበው የጎኔ ሰው ጭን የቱ ጋ እንደሚያርፍ ነው። ስለዚህ ጋቢና እስኪገኝ ቆሜ እጠብቅና የሁለቱንም ወንበር ሂሳብ እከፍላለሁ። «እህት፣ ሰው አለሽ?» ይላል ረዳቱ። «የለኝም፤ የሁለት ሰው እከፍላለሁ።» አንዳንዱ ይስቃል። አንዱ ለሾፌሩ «ዳያስፖራ ናት መሰለኝ» ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረብኝ። ዳያስፖራ ብሆን የወሩ መጨረሻ ሳምንት ላይ በእግሬ አልሄድም ነበር።

በእግሬ ስሄድ በፒያሳ አድርጌ ቸርችልን ቁልቁል፣ ከዚያ በለገሃር ነው። ከ2016 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ የአራት ኪሎንና የፒያሳን የእግረኛ መንገድ ሲያሰፋው ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ቤታቸውንና ሱቃቸውን ለቀዋል፤ ስለዚህ ደስ አለኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ከማንም ጋር ትከሻ ሳልጋጭ መሄድ የቻልኩት በዚህ መንገድ ላይ ነው። ባቡሩን ተዉት። በ2008 ሲጀመር ጓጉቼ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ስታዲየም ጣቢያ በሩ ሲከፈት ያየሁትን አይቼ፣ ትኬቴን እንደያዝኩ በእግሬ ወደ ሜክሲኮ ሄድኩ።

ይህን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ማን ምን አድርጎሽ ነው?» ተረቱም ከእነሱ ጋር ነው፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። እኔ ግን እባቡን አላየሁትም፣ ካየሁትም አላስታውሰውም። ይህ ፍርሃት ለብዙዎች ከጥቃት በኋላ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ጥያቄውን የምጠላውም ለዚሁ ነው። ታሪክ ያላት ሴት ብትሆን በቡና መሀል «በይ ንገሪን» የሚባል ነገር ነው? እንደ እኔ ታሪክ የሌላት ደግሞ ትቸገራለች። የምትናገረው ስላጣች ፍርሃቷም ጠፍ ይመስላታል፤ ባለቤት ያጣ። እኔ ራሴ ለዓመታት አንድ ነገር ይኖራል ብዬ ልጅነቴን ስበረብር ኖሬያለሁ። ያገኘሁት ሳቂታ አባት፣ ሰው የማያጣ ግቢና ገና በአራት ዓመቴ እንግዳ ሲመጣ ከአልጋ ሥር የምገባ ልጅ ነው።

እማዬ ጠበል ወስዳኛለች። ጠበሉ አላስፈራኝም። ወረፋው ነው የገደለኝ።

ሁሉም እንደ እኔ ሲሆን

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ከተማው ደነገጠ። እኔም ደንግጫለሁ፤ እማዬ ስኳር አለባት። ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ስመኛት የኖርኩት ከተማ ሆና አገኘኋት። በየበሩ ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ክርኑን ይሰጣል፣ አለዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ይላል። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መጨባበጥ በሕግ ተከለከለ፣ ታክሲም የሚጭነው ግማሽ ሰው ብቻ ሆነ። ታሪፉ እጥፍ ሲሆን ሰው አጉረመረመ። እኔ ድሮም እጥፍ ነበር የምከፍለው።

እነዚያ ወራት ለብዙዎች ምን እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ለቅሶ ሄደው ከሩቅ ቆመው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ቢሆንም ያኔ የነበረኝ ዕረፍት ውሸት ነው ልል አልችልም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበብ ሳላዘጋጅ ከቤት እወጣ ነበር። ስኒ በሁለት እጅ መያዝ ቀረ፣ «ጉንፋን ይዞኛል» ማለት ቀረ። ዳንኩ ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ።

አዋጁ በ2012 መጨረሻ ላይ አበቃ። ከተማው ወደ መሳሳሙ ሲመለስ የእኔ ፍርሃት ከሄደበት ወፍሮ ተመለሰ። ድሮ ጥርሴን ነክሼ የማልፈው መጨባበጥ አሁን መጸዳጃ ቤት የሚያስገባኝ ሆነ። ቢሮ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን ዘርግተውልኝ እያየሁት አልዘረጋ ያለኝ ቀን፣ ከዚህ በኋላስ በራሴ አልወጣውም አልኩ። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ፤ ስታዲየም አካባቢ ወደምትሠራ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄድኩ።

እሷ ያስረዳችኝን በራሴ አነጋገር ልበለው። ከሚያስፈራሽ ነገር በሸሸሽ ቁጥር እፎይ ትያለሽ። አንጎልሽ እፎይታውን ይመዘግብና «ያዳነን ሽሽቱ ነው» ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎ ይሸሻል። ኮሮና ለእኔ ወራት የፈጀ አንድ ትልቅ ሽሽት ነበር፤ ያውም መንግሥት የፈቀደው። መፍትሔው ደግሞ ወደሚያስፈራው ነገር በጥቂት በጥቂቱ መጠጋት ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ያደራጀው ዘዴ ዛሬም መሠረቱ እሱ ነው። ፍርሃቶችሽን ከቀላሉ እስከ ከባዱ በመሰላል ትደረድሪያለሽ፤ አንዱ ደረጃ ሳይለምድሽ ወደ ሌላው አትወጪም። የእኔ የመጀመሪያው ደረጃ ከእህቴ ጋር ሶፋ ላይ እጅጌያችን እስኪነካካ ተጠግቶ ፊልም ማየት ነበር። ሹራብ ለሹራብ። እሱን ወጣሁት። ሦስተኛው ላይ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር መጨባበጥ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ወራት አለፉ፣ መሰላሉ እዚያው።

«ትከሻ! ጻፍ»

እህቴ ልታገባ ሆነ፤ እኔ ሚዜ ነኝ። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ቀሚስ እንዲያሰፉ ተወሰነ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተሰፋ ልብስ ገዝቼ ነው የለበስኩት፤ ሲጠበኝም ሲሰፋኝም ዝም። ልብስ ሰፊው ድሮ ፒያሳ ነበሩ፤ ሱቃቸው ሲፈርስ ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ሕንፃ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ገቡ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ የእናቴን የሰርግ ካባ ያጠበቡ ሰው ናቸው።

ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ቤት ውስጥ በሜትር ራሴን ለክቼ በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡት። «ይኼ የሰው ልክ ነው የበር?» አሉና አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ቆሙ። ጥግ ላይ አንድ ለማጅ ልጅ ደብተር ይዞ ተቀምጧል። ሌሎቹ ሚዜዎች ተለክተው ጨርቅ እየመረጡ ይስቃሉ። መውጫ አልነበረኝም።

«ትከሻ!» አሉ ጋሼ። ልጁ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነው ሜትሩ ትከሻዬ ላይ ያረፈው። «ሠላሳ ዘጠኝ።» ሜትሩ ተነሣ። «ጀርባ!» ልጁ ጻፈ፣ ሜትሩ መጣ፣ ቁጥሩ ተጠራ፣ ሜትሩ ሄደ። «ደረት! ጫፉን አንቺው ያዢልኝ።» ያዝኩ።

ደረቴ እስኪጠብ እየጠበቅኩ ነበር። በትከሻው ላይ ትንሽ ጀምሮት ነበር፤ «እጅጌ!» ሲባል ግን እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያለፈ ዓመት ካሌንደር እያየሁ ነው። አጣሁት። ፍርሃቱን ማለቴ ነው። ቀጠሮ ይዤለት የቀረ እስኪመስለኝ ድረስ ፈለግኩት።

ከዚያ ስልካቸው ጠራ። ጋሼ በአንድ እጃቸው ስልኩን ይዘው «አቤት፣ ነገ ይደርሳል፣ ነገ» እያሉ፣ በሌላው እጃቸው ወደ ብርሃኑ እንድዞር ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ጮኼ ዘለልኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የስፒል ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ተበተነ። የሚዜዎቹ ሳቅ ቆመ። ጋሼ ስልኩን ዘጉት።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ጋሼ፣ ሳይነግሩኝ ሲነኩኝ እደነግጣለሁ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ለባለሙያዋም ጭምር። እስከዚያ ድረስ የምለው «መነካት እፈራለሁ» ነበር። ከአፌ ሲወጣ እኔም እንደ ሌላ ሰው ሰማሁት። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ሰዓት፣ እነዚያው እጆች ናቸው። ከደቂቃ በፊት ደረቴን ሲለኩ ዝም ያልኩት እኔ፣ ክንዴን ሲይዙኝ ዘለልኩ። ልዩነቱ ከእጁ በፊት የመጣው ድምፅ ብቻ ነው።

ጋሼ ግን ብዙም አልገረማቸውም። «ታዲያ ቀድመሽ አትይም? ስንት ዓይነት ደንበኛ አለ መሰለሽ። ወገቡ ጋ ስደርስ እንደ ሕፃን ተንከትክቶ የሚያመልጠኝ ባለሥልጣን አለ፣ ኮርኮር እያለው።» ለማጁን ስፒሉን እንዲለቅም አዘዙና ተመለሱ። «ወገብ!» አሉ፤ አሁን ግን ጎረቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት እስኪሰማ። ሚዜዎቹም እኔም ሳቅን። ስልሳ ስምንት ሆነ ወገቤ፤ በእኔ ወረቀት ሰማንያ ነበር።

ደረጃውን ስወርድ ነው የገባኝ፤ «ትከሻ፣ ጀርባ፣ ደረት» ሲሉ የነበረው ለእኔ አልነበረም። ልጁ ቁጥሩን በትክክለኛው መስመር ላይ እንዲጽፍ ነው። ለማጅ ባይኖራቸው ኖሮ ዝም ብለው ይለኩኝ ነበር፤ እኔም እስከዛሬ ስለ ራሴ የማውቀው የድሮውን ይሆን ነበር።

ስለ መኮርኮር

ማታ ጋሼ ስላነሡት ባለሥልጣን ሳስብ ተኛሁ አልተኛሁም። ሰው ራሱን ኮርኩሮ አይስቅም፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱን በአንጎል ምስል አሳይተዋል፤ እጅህን ልታንቀሳቅስ ስትል ከኋላ ያለው ትንሹ የአንጎል ክፍል፣ ሴሬቤለም፣ ምን ሊሰማህ እንደሆነ አስቀድሞ ይተነብያል፤ የተተነበየው ስሜት ሲደርስ ድምፁ ተቀንሶ ነው። የሌላ ሰው እጅ ግን ያልተተነበየ ነውና በሙሉ ኃይሉ ይደርሳል። ጥናቱ ስለ ራስ እጅ ነው፤ የልብስ ሰፊ ጩኸት ያንኑ ይሠራል የሚል ነገር አላነበብኩበትም። ለእኔ የጠቀመኝ ሐሳቡ ነው። ያው መነካት ራሱ፣ ቀድሞ ሲታወቅና ሳይታወቅ፣ ለአካል ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ መቁጠር ጀመርኩ። ደም ስሰጥ ፈርቼ አላውቅም፤ ነርሷ «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሻል» ትላለች። ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙኝም እንዲሁ፤ ግንባር፣ ከዚያ ከንፈር፣ ሥርዓቱ ከእኔ በፊት የነበረ ነው፣ መስቀሉ የሚያርፍበትን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ማስረጃው ሁሉ እጄ ላይ ነበር።

ግን እነዚህን ሰዎች ተመልከቷቸው። ነርስ፣ ቄስ፣ ልብስ ሰፊ። ከመንካታቸው በፊት የሚናገሩት ሁሉም ሥራቸው የሆነባቸው ናቸው። የሚወዱኝ ሰዎች አይናገሩም። እኛ ጋ መቀራረብ የሚለካው ባለመጠየቅ ነው፤ ጓደኛሽ ከኋላሽ መጥታ ዓይንሽን ትከድናለች፣ አጎትሽ ጀርባሽን ይመታል፣ የጎረቤት እናት ፀጉርሽን ታስተካክላለች። መጠየቅ ለባዕድ ነው። ስለዚህ እኔ የምፈልገው ነገር የሚገኘው ከባዕድ ዘንድ ብቻ ሆነ፤ የሚቀርበኝ ሰው በቀረበኝ መጠን አደገኛ ይሆናል። ባልደረባዬ ሰው ትጠየፋለች ማለቷ አሁን ያን ያህል አያናድደኝም። ከውጭ ሲታይ ሌላ ምን ሊመስል ይችላል?

ባለሙያዋ ግኝቴን ስነግራት ደስ አላት፣ ግን እንደጠበቅኩት አላጨበጨበችም። «ማስታወቂያው ራሱ ሌላ ሽሽት እንዳይሆንብሽ» አለችኝ። ሰው ሁሉ እስኪናገርልኝ የምጠብቅ ከሆነ ታክሲ ውስጥ አልገባም፤ የቅዳሜ ፒያሳም «ትከሻ!» ብላ አትጋጨኝም። ለጊዜው እንደ አንድ ደረጃ እንጠቀምበት፣ ቀስ በቀስ ድምፁን እንቀንሰዋለን አለች። ልክ ናት። በከፊል ግን አልተስማማሁም፤ የሰው ገላ ከመያዙ በፊት አንድ ቃል መቅደሙ ሕመምተኛ ለሆነው ብቻ የሚገባ ነገር አይመስለኝም። ተከራከርን። ሰዓቱ አለቀብን።

እማዬ ፈቃድ አትጠይቅም

ለእህቴ መንገር ቀላል ነበር። «እና እስከዛሬ ይኼ ነው?» አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትጠጋኝ «መጣሁ» ትላለች። እማዬ ግን አኮረፈች። «የወለድኩትን ልጅ ፈቃድ ጠይቄ ልስም?» አለች፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። መልስ አልነበረኝም። እሷን ሳልጎዳ የምለው ነገር ፈለግኩ፣ አጣሁ። ለእናት፣ ልጅን መሳም ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ሲሆን፣ አንድ ነገር ይወሰድባታል። ያ ነገር የእሷ ነው ወይስ የእኔ ገላ የእኔ ነው የሚለውን ሁለታችንም ትክክል ሆነን ልንጣላበት እንችላለን።

አሁንም አትጠይቅም። ነገር ግን ከወጥ ቤት ስትመጣ ነጠላ ጫማዋን ጠበቅ አድርጋ መርገጥ ጀምራለች፣ ጉሮሮዋንም ትጠርጋለች። ብጠይቃት «ብርድ መታኝ» ነው የምትለው።

ሰርጉ እንደ ሰርግ ነበር። አክስቶቼ በተራ ሳሙኝ፣ ማንም «ጉንጭ!» ብሎ አልጮኸልኝም። አንዳንዱን ቻልኩት። አንዳንዱን አልቻልኩም፤ የፎቶ አንሺዎቹ መኪና ውስጥ ገብቼ መብራት እየጠበቅኩ ነው በሚል ሰበብ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሙሽሪት ሚዜዎቿን ስታጎርስ የእኔ ተራ ደረሰ። «አፍሽን ክፈቺ፣ መጣ!» አለች ከእነ ቬሏ፣ ካሜራው እያየን። ጎረስኩ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ስትጠቀልል ደግሞ ምንም አላለችም፣ ዓይኔን ብቻ አየችኝ። እሱንም ጎረስኩ። ጣቷ ከንፈሬን ነካው፤ ለመዋጥ ጊዜ ወሰደብኝ እንጂ አልሸሸሁም። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ ነው ያጨበጨበችው።

የሚቀጥለው ደረጃ ፀጉር ቤት ነው። ሹሩባ፤ ያውም በማላውቃት ልጅ እጅ፣ ምናልባት ሁለት ሰዓት። የጥምቀት ሰሞን ወረፋውና ግፊያው ስለማይቻል ኅዳር ላይ እንዲሆን ተስማምተናል። አራት ኪሎ አካባቢ ያሉትን በመስኮት እያየሁ እያጠናሁ ነው። አንደኛዋ ሠሪ ንጹሕና ፈጣን ናት፣ ግን ቃል አይወጣትም። ማዶ ያለችው እጇ ትንሽ ይዘገያል ይላሉ፣ ወሬዋ ግን ለደቂቃ አይቋረጥም፤ «አሁን ከጆሮሽ በላይ ያለውን ልጀምረው ነው፣ አንገትሽን ቀና አድርጊልኝ፣ ኧረ ፀጉርሽ ደርቋል» እያለች ነው የምትሠራው። ለእሷ ደውዬ ቀጠሮ ይዣለሁ።